የጣና ጉዳይ ከጉና ይጀምራል፦ ስለ ሐይቁ የሚባለውና እውነታው

እምቦጭ የተባለው አረም ጣናን ወረረው ሲባል ያልደነገጠ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ገበሬው ወገቡን አስሮ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ተማሪው ዘመተ፤ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ላኩ። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ችግሩ ስለ ሐይቁ ከሚወራው ብዙው ከእውነታው የራቀ መሆኑ ነው። በተሳሳተ ግንዛቤ የተጀመረ ርብርብ ጉልበትና ገንዘብ ይጨርሳል፤ ሐይቁን ግን አያድንም። ስለዚህ ደጋግመን የምንሰማቸውን ስድስት አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

1. የሚባለው፦ ዓባይ ከጣና ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል

እውነታው፦ ይህ ከጥንት ጀምሮ የሚነገር ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም ጽፈውታል። ያለ ምክንያት አልተባለም። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ በክረምት ድፍርስ ሆኖ ሲገባ ለተወሰነ ርቀት በቀለሙ ከሐይቁ ይለያል። ከዚያ በኋላ ግን ይቀላቀላል፤ የተሸከመው አፈርም ወደ ታች ይዘቅጣል። ወደ ጣና የገባ ውሃ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል እዚያው ይቆያል። ከዝናብና ከወንዝ ከሚያገኘው ውሃ ግማሽ ያህሉ በዓባይ በኩል አይወጣም፤ በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል። ውሃው ሲተን ደለሉ፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የመጣው ፍሳሽ አብረውት አይተኑም። ወንዞቹ ያመጡት ነገር አብዛኛው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

2. የሚባለው፦ ጣና ጥልቅ ስለሆነ ደለል አይበግረውም

እውነታው፦ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ይህ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው፤ እጅግ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ውሃ የሚሰበስብበት ተፋሰስ ደግሞ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከራሱ ከሐይቁ አምስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። በወንዝ ከሚገባለት ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ የጎንደርን ከተማ የሚያቋርጡት ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ። ጉና ላይ ተዳፋት ያለ እርከን ሲታረስ፣ ጎንደር ላይ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ሲጣል መድረሻው ጣና ነው።

3. የሚባለው፦ የጣና በሽታ እምቦጭ ነው፤ ነቅለን ከጨረስነው ይድናል

እውነታው፦ እምቦጭ በሽታም የበሽታ ምልክትም ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱን እምቦጭ ከውሃው መዘዝ አድርጎ ማየት ብዙ ያስተምራል። የቅጠሉ አገዳ አብጦ አየር ስለያዘ አይሰጥምም። ከሥሩ ጎን ረዘም ያለ ቀጭን ክር ይወጣል፤ በክሩ ጫፍ ላይ ሌላ ትንሽ እምቦጭ በቅሏል፤ እሱም የራሱን ክር ዘርግቷል። ስለዚህ ከተነቀለው የቀረ አንድ ቁራጭ እንደገና መንጋ ይሆናል። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጥፍ ይበዛል። ከሐምራዊ አበባው የሚረግፈው ዘር ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል።

ነቅሎ ዳር ላይ ከምሮ መሄድም ዋጋ የለውም። ክረምት ሲመጣና ሐይቁ ሲሞላ ማዕበል መልሶ ይወስደዋል። የተነቀለው ከውሃው ርቆ መድረቅና መወገድ አለበት።

ዋናው ጥያቄ ግን እምቦጩ ምን እየበላ ነው የሚፋፋው የሚለው ነው። የሚበላው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ማለትም ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ የከተማ ፍሳሽና ለም አፈር። አረሙ ክፉኛ የበረታው ርብና መገጭ በሚገቡበት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል መሆኑም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እዚያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እምቦጭ የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀው አረሙ በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ ምግቡ ወደ ሐይቁ መፍሰሱን ስላላቆመ ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። መንቀል ግዴታ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

4. የሚባለው፦ በሐይቁ ዳር ያለው ረግረግ ባዶ መሬት ነው፤ ቢታረስ ይሻላል

እውነታው፦ ረግረግ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ጎርፍ አርግቦ ደለሉን ያስቀራል፤ ዓሣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው፣ ወፉ የሚራባው እዚያ ነው። ደንገል የሚበቅለውም በዚያው ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራው ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና በጥብቅ አስሮ ነው። ታንኳ ውሃ ስለሚመጥ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። ደንገል ከጠፋ ታንኳ የለም፤ ከታንኳው ጋር ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ሙያም ይጠፋል። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የተገለጠውን መሬት እስከ ጫፍ ድረስ ማረስ የዘንድሮን ምርት ቢጨምርም ሐይቁን ያለ መከታ ያስቀረዋል።

5. የሚባለው፦ የጣና ዓሣ አያልቅም

እውነታው፦ ያልቃል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ኖረዋል። በዚህም ምክንያት እኛ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን በሐይቁ ውስጥ ወደ 15 ልዩ ልዩ ዝርያዎች ተከፋፍሏል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ የነበረው የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ዝርያዎቹን አጥቷል ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ባሉት የክረምት ወራት ወደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ይፈልጋሉ። ያኔ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው እንቁላል ሊጥል የተነሣውን ዓሣ ነው። ወንዝ ውስጥ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዘር መበተን ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ይፈጃል። የሞተር ጀልባ ማስገር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ በነጭ ዓሣ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይተዋል። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈንም እንቁላሉ አይፈለፈልም። እዚህም ነገሩ ተመልሶ ከላይኛው መሬት ጋር ይገናኛል።

6. የሚባለው፦ ተፈጥሮ የሚተርፈው ሰው ሲርቀው ነው

እውነታው፦ ዘጌ ይህን ያፈርሰዋል። በጣና ዳር ባለው በዚህ ልሳነ ምድር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖራል፤ ደኑ ግን ዛሬም አለ። በአገሩ ትውፊት የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር በሬ እንዳይጠመድ፣ ከብትም እንዳይረባ ከልክለዋል። ሕዝቡ ቃሉን አክብሮ ከደኑ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ ተክሎ ኖረ። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ገዳማትን በደን ተከበው የምናያቸው በዚሁ ሕግ ነው። ዛሬ ኑሮ ሲከብድ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይወጣል። የቡናው ገቢ ካልተሻሻለ ቃሉን ማክበር ለድሃ ሰው እየከበደ ይሄዳል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብም ሰውን ለማስወጣት አልነበረም። ሐሳቡ ጥብቅ ቦታው ተከብሮ፣ ሰው በዙሪያው ሐይቁን በማይጎዳ መንገድ እንዲኖር ነው። በደጋው ላይም የሚሠራው ይኸው ነው። በዘመቻ የተሠራ እርከን ከብት ከተለቀቀበት ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል። ጎረቤታሞች ተነጋግረው ሕገ ደንብ ያወጡበት፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርገው ሣሩን አጭደው የሚካፈሉበት ቦታ ግን ያገግማል።

እንግዲህ ጣናን እንጠብቅ ስንል እነዚህን ሥራዎች በአንድነት ማለታችን ይሁን፦ ጉናና ሰከላ ላይ እርከኑን መጠበቅና ልቅ ግጦሽን መተው፣ ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ ፍሳሽን አጣርቶ መልቀቅ፣ ረግረጉን አለማረስ፣ ዓሣው እንቁላል በሚጥልበት ወራት ከወንዝ አፍ መረብ ማንሣት። ከውጭ አገር ለመርዳት የምታስቡ ወገኖችም ገንዘባችሁ ለማሽን ብቻ ሳይሆን መሬቱን ከግጦሽ ለከለለው ገበሬና ደኑን ለጠበቀው የዘጌ ቡና አምራች ጭምር ይድረስ። እምቦጭን የሚነቅለው ገበሬ ድካሙ ፍሬ የሚያፈራው ከላይ ያለነው የየድርሻችንን ስንወጣ ነው።