«አቅም የላቸውም»፦ የነባር ሕዝቦችን ድጋፍ የሚያስቀር ተረት

ተረት፦ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ገንዘብ ማስተዳደር ስለማይችሉ ድጋፉ በሌላ ትልቅ ድርጅት በኩል ማለፍ አለበት።

ይህን አባባል በአሜሪካ በአካባቢ ፍትሕና በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚያናድደኝ በጎ አሳቢ ለጋሾችም መድገማቸው ነው። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ሲያልፍ በየደረጃው የአስተዳደር ወጪ ይቆረጥበታል። የነባር ሕዝቦቹ መንደር እስኪደርስ ምን ይሠራበት የሚለውንም ሌላ ሰው ወስኖ ጨርሷል።

አባባሉ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው አልልም። በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ድጋፍ የሚያወጣ ተቋም ልዩ ኦዲት ማስደረግ ግዴታው ነው። የግዥ ደንቡና ሪፖርቱም አለ። ጥቂት ሠራተኞች ላሉት የመንደር ምክር ቤት ይህ ከባድ ሸክም ነው። ገንዘብ የባከነበት ጊዜም አለ፤ በየትኛውም ማዘጋጃ ቤት እንደሚያጋጥመው ሁሉ። ነገር ግን የወረቀት ሥራ የሚሠራ ሰው ማጣትና ገንዘብ ማስተዳደር አለመቻል ለየቅል ናቸው። ለጋሹ «የሒሳብ ሠራተኛ ደሞዝ አልከፍልም» ይላል፤ መልሶ ደግሞ «የሒሳብ ሠራተኛ የላችሁም» ብሎ ይከለክላል። እጅን አስሮ ዋኝ ማለት ይህ ነው።

እውነታ፦ ማስረጃው አላስካ ውስጥ አለ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳንባ ነቀርሳ መንገድ የሌላቸውን መንደሮች ሲፈጅ፣ መድኃኒቱን ለየቤቱ ያደሉት ከየመንደሩ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከዚያ ያደገው የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች ፕሮግራም ከ1968 ጀምሮ ቋሚ የፌዴራል በጀት አገኘ። ዛሬም ረዳቷ በመንደሯ ክሊኒክ በሽተኛውን መርምራ ሩቅ ላለ ሐኪም በስልክ ታስረዳለች፤ መርፌ ትወጋለች፤ አውሮፕላን እስኪመጣ ሕይወት ታቆያለች።

በ1975 የወጣው ሕግ ደግሞ ነባር ሕዝቦች መንግሥት ይሰጣቸው የነበረውን አገልግሎት ከነበጀቱ ተረክበው እንዲመሩ ፈቀደ። በአንኮሬጅ የሚገኘው፣ በነባር ሕዝቦች የሚመራው ሳውዝሴንትራል ፋውንዴሽን የሕክምና አገልግሎቱን ተረክቦ ሕመምተኛ በዚያው ቀን ቀጠሮ የሚያገኝበትን አሠራር ዘረጋ። የአሜሪካን ብሔራዊ የጥራት ሽልማት ባልድሪጅን በ2011 እና በ2017 ሁለት ጊዜ ወሰደ። ታዲያ አቅም የሌለው ማን ነው?

ይህ ተረት ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኪፕነክ የተባለችው የአላስካ ዩፒክ መንደር ከሥሯ ያለው የበረዶ አፈር እየቀለጠ፣ የወንዟ ዳርቻ እየተናደ ስለተቸገረች ለመከላከያ 20 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶላት ነበር። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ድጋፉን በሜይ 2025 ሰረዘው፤ የኤጀንሲው ኃላፊ እንዲህ ያሉ የአካባቢ ፍትሕ ድጋፎችን ብክነት ብለዋቸው ነበር። በኦክቶበር የሃሎንግ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ መንደሯን አጥለቀለቃት፤ ከእሷና ከአካባቢዋ ከ1,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ገንዘቡ ባይሰረዝ እንኳ ግንባታው እስከዚያ አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ ጎርፉን ያስቆም ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። ነገር ግን አደጋውን በትክክል ያወቀችው፣ መፍትሔ ይዛ የቀረበችው መንደሯ ነበረች። ብክነት የተባለው የእሷ ዕቅድ ነው።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ።

ተረት፦ ግራንት (የገንዘብ ድጋፍ) በእጅ የሚገባ ነፃ ገንዘብ ነው።
እውነታ፦ ብዙ የፌዴራል ድጋፎች የሚከፈሉት መጀመሪያ ወጪው ወጥቶ ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። ጥሪት የሌለው መንደር እዚያው ላይ ይቀራል።

ተረት፦ ካዚኖ ስላላቸው ሀብታም ናቸው።
እውነታ፦ ጥሩ የሚያተርፉት ለትልልቅ ከተሞች የቀረቡ ጥቂት ካዚኖዎች ናቸው። በአላስካ ከሚገኙት 229 በፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ያላቸው ጎሳዎች አብዛኞቹ ካዚኖ የሚባል ነገር የላቸውም።

ተረት፦ ለእነሱ የሚሰጠው ምጽዋት ነው።
እውነታ፦ መሬታቸው ሲወሰድ መንግሥት በውልና በሕግ የገባው ግዴታ አለበት፤ ግዴታውን ግን በቅጡ አልተወጣም። በ2017 የፌዴራሉ የነባር ሕዝቦች የጤና አገልግሎት ለአንድ ሰው 4,078 ዶላር ሲያወጣ፣ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር 13,185 ዶላር አውጥቷል።

ለጋሾችን የምጠይቃቸው ግልጽ ነው፦ ገንዘቡን በቀጥታ ስጡ፤ ለብዙ ዓመት ስጡ፤ የሒሳብ ሠራተኛውን ደሞዝ በጀቱ ውስጥ አስገቡ፤ የምትጠይቁት ሪፖርት ከምትሰጡት ገንዘብ ጋር ይመጣጠን። ይህን ሳታደርጉ ስለ አቅም ማነስ አታውሩ።