የፀሐይ ሴል ባለበት ድርብ የመስኮት መስታወት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት ይገናኛል?

ለመስኮት መስታወት ከጥንት ጀምሮ የተሰጠው ሥራ ብርሃንን ማስገባትና ነፋስን መከልከል ነበር። ዛሬ ግን አንድ መስታወት ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ይጠየቃል፤ ብርሃን እንዲያስገባ፣ ሙቀትና ብርድ እንዲከላከል፣ ከዚህም በላይ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ። ስለ ፀሐይ ሴልም ሆነ ስለ ድርብ መስታወት ለየብቻው ብዙ ተጽፏል። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት የመስታወቱ ጠርዝ ግን ስፋቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ጠርዝ ነው። ምክንያታችንም ግልጽ ነው፤ ድርብ መስታወት አንድ ጊዜ ከታሸገ በኋላ ተከፍቶ አይጠገንምና፣ በጠርዙ ላይ የተሠራ ስሕተት መስኮቱን በሙሉ ያስጥላል፤ ሲብስም እሳት ያስነሳል።

የሁለቱ ዕቃዎች አመጣጥ

ብርሃን ኤሌክትሪክን ሊያስገኝ እንደሚችል መጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤድሞንድ ቤክሬል ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1839 ዓ.ም. ነበር። ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሴል ግን የተገኘው በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ነው፤ ያ ሴል ከደረሰበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ሁለት መስታወቶችን በመካከላቸው አየር አስቀርቶ የማሸግ ሐሳብ ደግሞ ቀደም ሲል በ1865 በአሜሪካ ቶማስ ስቴትሰን በተባለ ሰው ስም በፓተንት ተመዝግቧል። ሁለቱን በሕንፃ ግድግዳ ላይ አንድ ካደረጉት ቀደምት ሥራዎች መካከል በጀርመን አገር በአኸን ከተማ በ1991 የተሠራው የከተማው የመብራትና የውኃ ድርጅት ሕንፃ ይጠቀሳል።

የመስታወቱ አሠራር

መስታወቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሁለት መስታወቶች አሉ፤ በእነርሱም መካከል ሴሎቹ በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ተለብጠው ተጣብቀዋል። እያንዳንዱ ሴል ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ በመሆኑ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባሪ ነው። ከዚህ የተለበጠ መስታወት ቀጥሎ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ፤ በዚያም ውስጥ ደረቅ አየር ወይም አርጎን የተባለው ጋዝ ይሞላል። በመጨረሻ ወደ ክፍሉ የሚመለከተው የውስጥ መስታወት ይገኛል።

ክፍተቱን ጠብቆ የሚያቆመው በአራቱም ጠርዝ የሚዞር አራራቂ ዘንግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራል፤ በሆዱም እርጥበትን የሚመጥ ፍሬ ይይዛል። ማሸጊያውም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ቡቲል ሲሆን እርጥበትና ጋዝ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ሁለተኛውና ውጭኛው ሲሊኮን ወይም ፖሊሰልፋይድ ሲሆን መስታወቶቹን አጥብቆ ይይዛል። አንባቢዎቻችን የሴሉን ሲሊከንና የማሸጊያውን ሲሊኮን እንዳያምታቱ እናሳስባለን፤ ስማቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሴሎቹ እርስ በርስ ሲገናኙ

አንድ የሲሊከን ሴል በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው 0.5 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ይህ ለብቻው ለምንም አይበቃም፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የአንዱን ሴል ፊት ከሚቀጥለው ሴል ጀርባ በቀጭን የመዳብ ጥብጣብ በማያያዝ ቮልቱ እየተደመረ ይሄዳል። ይህ በተከታታይ ማገናኘት ይባላል።

ለምሳሌ ስፋቱ 1 ሜትር ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት እንውሰድ። በውስጡ እያንዳንዱ ጎናቸው 156 ሚሊ ሜትር የሆኑ 40 ሴሎች ቢደረደሩ ከመስታወቱ 65 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ፤ በቀረው በኩል ብርሃን ወደ ክፍሉ ይገባል። ፀሐይ ፊት ለፊት በሙሉ ኃይሏ ስትመታው መስኮቱ 20 ቮልትና 9 አምፔር፣ ማለት 180 ዋት ይሰጣል።

አሥር እንዲህ ያሉ መስኮቶች ቢኖሩ በምን ዓይነት መንገድ ይያያዙ? በትይዩ ቢያያዙ ቮልቱ 20 ሆኖ ይቀርና ኮረንቲው 90 አምፔር ይሆናል። በተከታታይ ቢያያዙ ኮረንቲው 9 አምፔር ሆኖ ቮልቱ 200 ይደርሳል። ኃይሉ በሁለቱም 1800 ዋት ነው፤ ልዩነቱ ግን በሽቦው ላይ ይታያል። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልሱ 50 ሜትር ቢሆን ለኮረንቲ የሚሰጠው ተቃውሞ 0.215 ኦም ያህል ነው። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በኮረንቲው ካሬ መጠን ስለሚያድግ፣ በ9 አምፔር 17 ዋት ብቻ ሲጠፋ፣ በ90 አምፔር ግን 1740 ዋት ይጠፋል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር መስኮቶቹ ያመነጩት በሙሉ ማለት ይቻላል ሽቦውን ሲያግል ይውላል፤ ሽቦውም ይህን ችሎ አይቆይም። ስለዚህ መስኮቶችን በተከታታይ ማያያዝ የተለመደ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ተከታታይ መስመር የራሱ ችግር አለው። አንድ ሴል የዛፍ ወይም የጎረቤት ሕንፃ ጥላ ቢያርፍበት የሌሎቹን ኮረንቲ ለማሳለፍ ስለማይችል፣ አመንጪ መሆኑ ቀርቶ ኃይል ተቀባይ ይሆናል፤ በዚያም ስፍራ ይግላል። ይህን ለመከላከል ለ20 ሴሎች ያህል አንድ ዳዮድ በጎን ይገባል፤ ጥላ ሲመጣ ኮረንቲው በዳዮዱ በኩል ዞሮ ያልፋል። ለምሳሌያችን መስኮት ሁለት ዳዮዶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ደግሞም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚመለከቱ መስኮቶች ፀሐይን በአንድ ሰዓት ስለማያገኙ በአንድ ተከታታይ መስመር ላይ መግባት የለባቸውም።

ችግሩ የሚጀመርበት ስፍራ

በጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ተራ የፀሐይ ሰሌዳ የማገናኛ ሣጥኑን በጀርባው ላይ ይሸከማል። በድርብ መስታወት ግን ጀርባው የታሸገው ክፍተት ነው። ሣጥኑ በዚያ ቢቀመጥ ለዓይን ከማስቀየሙም በላይ፣ ኬብሉ ለመውጣት አራራቂውን ዘንግና ሁለቱን ማሸጊያ መብሳት ይኖርበታል። በተበሳው በኩል እርጥበት ይገባል፤ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ኬብል ከሆነ ደግሞ ውኃ በሽቦዎቹ መካከል በልባሱ ውስጥ እየተሳበ ሊጓዝ ይችላል። እርጥበት መጣጩ ፍሬ ከጠገበ በኋላ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል፤ ያንንም ማንም ሊወለውለው አይችልም።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ ኬብሉ ወደ ክፍተቱ ፈጽሞ እንዳይገባ ማድረግ ነው። የመዳብ ጥብጣቦቹ በተለበጠው የውጭ መስታወት ጠርዝ በኩል ይወጡና፣ ከመስታወቱ ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ሣጥን በጠርዙ ላይ ይጣበቅባቸዋል። ከሣጥኑ የሚወጣው ኬብል በመስኮቱ ማቀፊያ ፍሬም ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። በዚህ አሠራር ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፣ የሣጥኑ ስፍራ። ከባዱ መስታወት በታችኛው ጠርዙ በኩል በመደገፊያ ብሎኮች ላይ ይቀመጣል፤ የዝናብ ውኃም የሚወርደው ወደ ታች ነው። ስለዚህ ሣጥኑ በላይኛው ወይም በጎን ጠርዝ መሆን ይገባዋል፤ ፍሬሙም ውኃ የሚያፈስበትና አየር የሚያገኝበት ቀዳዳ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የዕቃዎቹ ስምምነት። የአንዳንድ ኬብል ልባስ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቅመም ወደ ቡቲሉ እየሰረገ ያሟሟዋል። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነትም መዳብን ስለሚበላ በመገናኛው አጠገብ ሊገባ አይገባውም። እነዚህ ጉዳቶች በአንድ ቀን አይታዩም፤ ከዓመታት በኋላ ይገለጣሉ።

ሦስተኛ፣ የመገናኛው ጥራት። በደንብ የተበየደ መገናኛ 0.001 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው በ9 አምፔር የሚሞቀው በ0.08 ዋት ብቻ ነው። በችኮላ የተሠራው 0.1 ኦም ቢሆን ግን 8 ዋት ሙቀት በአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፍራ ይከማቻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

አራተኛ፣ ከብረት መራቅ። አራራቂው ዘንግና ፍሬሙ ብረት ስለሆኑ ኮረንቲ ያለበት ጥብጣብ እንዳይቀርባቸው ርቀቱ መጠበቅ አለበት። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 61215 የሰሌዳው የኢንሱሌሽን ተቃውሞ በስፋቱ ሲባዛ ከ40 ሚሊዮን ኦም ካሬ ሜትር እንዳያንስ ያዝዛል። 1.5 ካሬ ሜትር ለሆነው መስኮታችን ይህ ከ26.7 ሚሊዮን ኦም ያላነሰ ማለት ነው።

ስለ ሰው ደኅንነት

በቤታችን የሚገባው መብራት ተለዋዋጭ ጅረት ሲሆን በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ስፒና ስንነቅል የሚፈነጥቀው ብልጭታም በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ከፀሐይ ሴል የሚወጣው ግን ቀጥታ ጅረት ነው፤ ወደ ዜሮ የሚወርድበት ጊዜ የለውም። ኮረንቲ በማለፍ ላይ ሳለ መገናኛው ቢነቀል ወይም ቢላላ ብልጭታው ሳይጠፋ እየነደደ ሊቀጥል ይችላል።

ከዚህም ሌላ ፀሐይን የሚያጠፋ ማብሪያና ማጥፊያ የለም። ማጥፊያው ቢዘጋ ኮረንቲው ይቆማል እንጂ ቮልቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም በአሥሩ መስኮቶች መስመር ጫፍ ላይ ወደ 240 ቮልት ከፍ ይላል። መስታወት ሊገጥም ወይም ሊቀይር የወጣ ሠራተኛ መስታወትን እንደ ሙት ዕቃ ማየት ልማዱ ስለሆነ አደጋው በእርሱ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በፊት የመስመሩን ማጥፊያ መዝጋት፣ መስታወቶቹንም ብርሃን በማያስገባ ወፍራም ሸራ መሸፈን ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ሲመጣ

ይህ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ አገር የታሸገ ድርብ መስታወት እዚህ ሲደርስ በውስጡ ያለው ጋዝ ይነፋና መስታወቶቹ ወደ ውጭ ይቆለመማሉ፤ ተሰባሪዎቹ ሴሎችና የጠርዙ ማሸጊያም አብረው ይጨነቃሉ። መድኃኒቱ ፋብሪካው በጠርዙ ላይ ግፊትን የምታስተካክል ቀጭን ቱቦ እንዲያስገባ አስቀድሞ ማዘዝ ነው፤ ይህችም ቱቦ ክፍት ሆና ብትቀር አርጎኑ ስለሚወጣ፣ ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ ትደፈናለች።

ሁለተኛው የፀሐይ አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትቀርባለች። በሰኔ አጋማሽ በቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ስለምታጋድል በደቡብ በኩል ያለ ቀጥ ያለ መስኮት ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም። በታኅሣሥ 32 ዲግሪ ወደ ደቡብ ስታጋድል እንኳ ከጨረሩ የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ነው። ስለዚህ ከላይ የቆጠርነው 180 ዋት ለቀጥ መስኮት የቀትር ገቢ አይደለም፤ እንዲህ ያለው መስታወት በአገራችን ይበልጥ የሚጠቅመው በጣሪያና በበረንዳ ክዳን ላይ ነው። በዚያም ቢሆን ክፍተቱ ሙቀቱን ወደ ውስጥ እንዳያልፍ ስለሚያግድ ሴሎቹ ይግላሉ። የሲሊከን ሴል ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ፣ 65 ዲግሪ ሲደርስ 16 በመቶ ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የዚህ መስታወት ዕድሜ የሚወሰነው በሴሉ ብልኅነት ብቻ ሳይሆን በጠርዙ አሠራር መሆኑን ነው። በዚያ ጠባብ ስፍራ መስታወት ገጣሚውና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይገናኛሉ፤ አንዱ የሚያሽገውን ሌላው ሊበሳው፣ አንዱ የሚዘረጋውን ሌላው ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱም መስመር በአንድ ንድፍ ላይ እንዲሣል፣ የኢንሱሌሽኑም ተቃውሞ መስታወቱ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ተለክቶ እንዲመዘገብ ያስፈልጋል። መለኪያው አነስተኛ፣ ጊዜውም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሳይለካ የተዘጋ ፍሬም ግን ዳግመኛ የሚከፈተው ከነመስታወቱ ሲወርድ ነው። በሕንፃ ሥራና በኤሌክትሪክ ክፍል የምንማር ተማሪዎችም ከወዲሁ አንዳችን የሌላውን ትምህርት ብንጠይቅ፣ ይህን ጠርዝ ባለቤት የሌለው ስፍራ ከመሆን እናድነዋለን ብለን እናምናለን።