የእድር መዝገብና የመረጃ ቋት፦ ከሊብሬኦፊስ ጋር የሚሠራ ዳታቤዝ ስለ መምረጥ



የዛሬውን ርእስ በሶፍትዌር ስም አልጀምረውም። በሲግናል ሰፈር 300 አባላት ያሉት አንድ እድር አለ እንበል። ጸሐፊው የአባላቱን መዝገብ በሊብሬኦፊስ ካልክ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም፣ አማርኛም ያለ ችግር ይጻፍበታል። አንድ አባል ያርፋል። ባለቤቱ የሚገባትን ገንዘብ ስትጠይቅ መዝገቡ የ4 ወር ውዝፍ ያሳያል። ክፍያው ግን ተፈጽሟል፤ ገንዘብ ያዡ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ጸሐፊው «ሀይሉ» ብሎ ስለ ፈለገው አልተገኘም። ስለ ዳታቤዝ ምርጫ ስንነጋገር የዚህችን ሴት ጉዳይ እያሰብን ይሁን።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከሶፍትዌር ምርጫ ይቀድማል፤ ለእያንዳንዱ አባል ቋሚ ቁጥር መስጠትና በደረሰኙ ላይ ማስፈር ነው። አባላትና ክፍያዎች በሁለት ሠንጠረዦች ተለይተው በቁጥሩ ሲያያዙ የስም አጻጻፍ ገንዘብ አያጠፋም። ካልክ ይህን ዝምድና አያስከብርም፤ የሌለ አባል ክፍያ ቢመዘገብበት ዝም ብሎ ይቀበላል።

ስለዚህ ብዙዎች ወደ ሊብሬኦፊስ ቤዝ ይሄዳሉ። ቤዝ በመሠረቱ ቅጽ፣ መጠይቅና ሪፖርት የሚዘጋጅበት መስኮት ነው፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው ከኋላው ያለ ሌላ ሞተር ነው። ለረጅም ጊዜ አብሮት የመጣው ሞተር ኤችኤስኪውኤልዲቢ 1.8 ነው፤ የጃቫን መኖርም ይጠይቃል። በዚህ አሠራር መረጃውም ቅጹም ሪፖርቱም በአንድ የታመቀ ፋይል ይጠቃለላሉ። ፋይሉ በሚጻፍበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ሁሉም አብረው ሊበላሹ ይችላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን አሠራር ለመለማመጃ እንጂ ለእድር ገንዘብ አልመክረውም።

መረጃውን ከመስኮቱ እንለየው። የሚጽፈው አንድ ሰው በአንድ ላፕቶፕ ከሆነ ኤስኪውላይት ይበቃል፤ ሰርቨር አይፈልግም፣ መብራት ቢቋረጥም ያላለቀውን ምዝገባ ሰርዞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከቤዝ ጋር ለማገናኘት ግን የኦዲቢሲ ማገናኛ ለብቻው መጫን አለበት። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጽፉ ከሆነ ማሪያዲቢ ወይም ፖስትግሬስኪውኤል ያስፈልጋል። ማሪያዲቢን የሚመርጥ የፊደል ስልቱን «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ያድርግ። የተለመደው ፊደላችን በ3 ባይት ይያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ግን 4 ባይት ይፈልጋሉ።

የእኔ ምርጫ ፖስትግሬስኪውኤል ነው፤ ለማስተዳደር ከኤስኪውላይት እንደሚከብድ አልክድም። ሊብሬኦፊስ የራሱ ማገናኛ አለው። ከስሪት 12 ጀምሮ ደግሞ ከሌላ ዓምድ ራሱ የሚሰላ ዓምድ መፍጠር ይቻላል፤ በዚያ ዓምድ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው እንለውጣለን። ሃ፣ ሓ እና ኃም ወደ ሀ ይጠቃለላሉ። ፍለጋው በዚህ ዓምድ ይካሄዳል፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን በመጀመሪያው ዓምድ ሳይነካ ይቆያል። ስምን ለማሽን ምቾት ብሎ ማረም የጸሐፊው ሥልጣን አይደለምና።

የቀን ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ጥቅምት 30ን «30/2» ብለን በቀን ዓምድ ብናስገባ ማሽኑ የካቲት መስሎት፣ ማለትም የፈረንጆቹን 2ኛ ወር፣ አይቀበለውም። ጳጉሜን 3ም 13ኛ ወር ስለሌለው ይመለሳል። እነዚህስ ስሕተታቸውን ይናገራሉ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 እንደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ይመዘገባል፤ እውነተኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1 እንደ ዓመቱ 6 ወይም 7 ቀን ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ 2 ብቻ ይቆጥራል፤ ውዝፍም ቅጣትም በዚሁ ይሰላል። ስለዚህ የተለወጠውን የጎርጎርዮስ ቀን በቀን ዓምድ፣ በደረሰኙ ላይ ያለውን ደግሞ በቀን፣ በወርና በዓመት በተለዩ ሦስት የቁጥር ዓምዶች እናስቀምጥ።

አሁን የጥቅምት 30ን ሙከራ በስክሪኑ ላሳያችሁና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እናልፋለን።