ልብ ሲደክም ሚዛን ይናገራል

«የልብ ድካም አለባት» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ትልቅ ሆስፒታልና ስፔሻሊስት ነው። እውነት ነው፣ ሕመሙን ለማረጋገጥ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ ሪፈር መጻፉም ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ሕክምና ግን በአብዛኛው ሰፈር ውስጥ ነው፦ ጤና ጣቢያና ማድቤት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት አቃተው ማለት ነው። ያኔ ሰውነት ውስጥ ውሃና ጨው ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሌሊት ትራስ ሳይደራረብ መተኛት ይከብዳል። እኛ አገር ከዋና ዋናዎቹ መነሻዎች መካከል ያልታከመ ደም ግፊትና በልጅነት ከጉሮሮ ቁስለት ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው ሕመም ይገኛሉ። ስለዚህ የአዛውንት በሽታ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ዕድሜ ያሉም ይታመማሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እንደ ፎሮሲማይድና ኢናላፕሪል ያሉት ክኒኖች የቆዩና በአንጻሩ ርካሽ ናቸው። ውዱ መንገዱ ነው፦ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አስታማሚው ከሥራ የቀረበት ቀን። ይሄ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ግን ሰው «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ክትትሉን እንዲተው ይገፋፋል። ክኒኑ ሲቆም ውሃው ይመለሳል፣ ከዚያ ድንገተኛ ክፍልና ኦክስጅን ይመጣል። ለዚህ ነው ግፊት የሚለካ፣ መድኃኒት የሚያስተካክል፣ ክኒንም የማያልቅበት ቅርብ ጤና ጣቢያ ከሁሉም የሚያዋጣው። ክኒኑ እዚያ ካለቀ ግን ሕመምተኛው ተመልሶ መንገድ ላይ ነው።

ቤት ውስጥስ? ሚዛን ይኑር። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት መመዘንና ስልክ ላይ መመዝገብ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውፍረት ሳይሆን ውሃ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ጨው ቀጥሎ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ከገባበት ወጡ ላይ የሚጨመረው ድርብ ነው።

ለወገብ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌንም ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድም። ጾም ሲገባ ደግሞ ክኒኑን ከመዝለል በፊት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ ወይም ሰው ራሱን ከሳተ ግን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው ምናልባት በወር አንዴ ነው፤ ቀሪውን ቀን የምናየው እኛ ነን። ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበሉ። «በስንት ትራስ ነው የምትተኙት?» ብላችሁም ጠይቁ።