ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን

መርካቶ ጭድ ተራ ሱቁ ሲዘጋጋ የሚቀሩት ዘበኞችና ውሾች ናቸው። ቀን ለከብት መኖና ለጭቃ ምርጊት የሚሸጠው ጭድ ሌሊት መኝታ ይሆናል፤ በቀጫጭን አገዳዎቹ መካከል የሚታፈነው አየር የገላን ሙቀት ስለሚይዝ በክረምት ብርድ እንኳ ውሻ ኩርምት ብሎ ያድርበታል። ማንም ያልገዛው፣ ከመንገድ ዳር የተነሳ ቡችላ የዘበኛውን ትራፊ እየበላ ያድጋል፤ ስም ይወጣለታል፤ ከዓመታት በኋላ ያረጃል፣ ይሞታልም። ያን ዕለት ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይጣልም። ያዘነው ሰው የሚሰማው «ለውሻ ደግሞ ይለቀሳል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ይለቀሳል። ሐዘኑም ከሰው ሐዘን የተለየ ሥር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሚሆ ናጋሳዋና ባልደረቦቿ ውሾችና ባለቤቶቻቸው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ሰውነታቸው ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ለኩ። ረዘም ላለ ጊዜ የተያዩት ላይ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሰውየውም በውሻውም ጨመረ። ይህ ሆርሞን እናት ስታጠባ የሚመነጨውና ከልጇ ጋር የሚያስተሳስራት ነው። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። በዓመቱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ግሪጎሪ በርንስና ባልደረቦቹ 15 ውሾችን ኤምአርአይ ውስጥ እንዲተኙ አሠልጥነው የአንጎላቸውን የደስታ ማዕከል ተመለከቱ። አብዛኞቹ በባለቤታቸው ምስጋና የተደሰቱት ቢያንስ በምግብ የተደሰቱትን ያህል ነበር። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት እውነት ቢሆንም እውነቱ ግማሽ ነው፤ ውሻ በተወደደበትም ይጮኻል።

እንዲህ ያለው ትስስር ሲበጠስ አካል ዝም አይልም። የጭንቀት ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ምግብ ይጠላል። አንጎል ለዓመታት የለመደውን መጠበቅ በአንድ ቀን ስለማይተው፣ ሰውየው በር ሲከፍት ጭራ የሚቆላ ውሻ ይፈልጋል። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ኅብረተሰቡ ዕውቅና ስለማይሰጠው ሐዘን ጽፏል፤ የእንስሳ ሞት አንዱ ነው። ዶካ እንደሚለው እንዲህ ያለው ሐዘንተኛ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም በሞቱ፣ አንድም አጽናኝ በማጣቱ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ሟች ማውራት ምን ያህል እንደሚያቀል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። ታዲያ ለውሻው ያለቀሰውን ሰው ይህን መንፈጋችን ያሳዝነኛል።

ነገሩ የዘመናችን ቅብጠትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን፣ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ቦታ የተገኘ መቃብር ውስጥ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ውሻ አብረው ተቀብረው ነበር። የመቃብሩ ዕድሜ 14,000 ዓመት ገደማ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የውሻውን ጥርሶች የመረመሩ ተመራማሪዎች ቡችላው በብርቱ ታሞ እንደነበረና ለሳምንታት ያስታመመው ሰው ባይኖር ኖሮ ፈጥኖ ይሞት እንደነበር ደመደሙ። ያ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም ሊውል አይችልም፤ ያኖሩት ስለወደዱት ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛም አገር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለውን ትንሽ ቺዋዋ ውሻቸውን በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ አስቀብረው የመቃብር ድንጋይ አቁመውለታል። ለንጉሥ ያልተነወረ ለዘበኛ ሊነወር አይገባም።

የስንብቱ አኳኋንም ክብር ይፈልጋል። ውሻው መብላትና መነሳት ሲያቅተው፣ ከደህና ቀኑ የስቃይ ቀኑ ሲበዛ፣ የእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ ሊያሰናብተው ይችላል። በብዙ አገር የሚሠራበት መድኃኒት ፔንቶባርቢታል ነው። ከመጠን በላይ ሲሰጥ መጀመሪያ አንጎልን ያስተኛል፣ ከዚያ ትንፋሽ ይቆማል፣ በመጨረሻ ልብ። ዓይኑ ሳይከደን ሊቀር ወይም አንድ ሁለቴ ሊያቃስት ይችላል፤ ይህ የጡንቻ ግብር እንጂ ሕመም አይደለም። በከተማችን የጎዳና ውሾችን ለመግደል ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን የዚህ ተቃራኒ ነው። የጡንቻን መኮማተር የሚገታውን የነርቭ መልእክት ስለሚያግድ፣ ውሻው ሙሉ በሙሉ እያወቀ ይገታተራል፣ ታፍኖም ይሞታል። ሬሳውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳም ይመረዛል። ይህ ድርጊት ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ፍቅር ጥንቃቄን እንዳያስረሳ አንድ ነገር ልበል። ውሻው ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከሰለለ ወይም መዋጥ ካቃተው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አቅፋችሁ አትሰናበቱት። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ነዋሪው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው፣ ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሞተው ውሻ አንጎል በሚወሰድ ናሙና በሽታውን ይለያል።

ልጆች ካሉ «ጠፋ» አትበሏቸው፤ ሲፈልጉት ይከርማሉ። መሞቱን ንገሯቸው፣ ሲቀበርም አብረው ይቁሙ። ሌላ ቡችላ የምታነሡ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፣ ክትባቱንም ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ አድሱለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ያኔ መርዝ ለመበተን ሰበብ የሚሆን አይኖርም።