የቡና ደንና የነጋዴ ጥቅም

ለብዙ ዘመን የአንድ ቡና ላኪ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የእርጥበቱን መጠን፣ የጆንያውን ቁጥር፣ የመርከቡን ቀን የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢመጣ መልሱ ከመዝገባችን አይጠፋም። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ የአውሮፓ ደንበኛችን ቡናው የበቀለበት መሬት በካርታ ላይ የት እንደ ሆነና በስፍራውም ደን ተመንጥሮ እንደ ሆነ እንድንገልጽለት ጠየቀን። ቡናው ከብዙ ገበሬዎች ተሰብስቦ በመጋዘን የተደባለቀ ስለ ነበር፣ እኛም ሆንን የሸጠልን ነጋዴ ልንመልስለት አልቻልንም። ደንበኛውም ትእዛዙን አቆየ።

የጥያቄው ምክንያት የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል። ሕጉ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢራዘምም ገዢዎች ከወዲሁ መጠየቅ ጀምረዋል። ይሁን እንጂ የደኑን ነገር የውጭ ሰው ስለ ጠየቀን ብቻ የምናስብበት አይደለም፤ አስቀድሞ የራሳችን ሀብት ጉዳይ ነው።

በካፋ፣ በሸካና በያዩ ደኖች ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። የካፋና የያዩ ደኖች በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገቡት በዚህ መሰል ሀብታቸው ነው። ይህ ልዩ ልዩ ዘር ለነጋዴ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ተክሉን በጎዳ ጊዜ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር የፈለጉት በውጭ አገር ሳይሆን በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ነበር። ዛሬ በሽያጭ መግለጫችን ላይ 74110 እና 74112 እያልን የምንጽፋቸው ዝርያዎች በ1974 ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞችም ያንኑ ዓመት ያመለክታሉ።

ደኑ ዘሩን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ዋንዛው፣ ብርብራውና ሰሳው ቡናውን ከፀሐይ ቃጠሎ ይጋርዳሉ፤ የሚረግፈው ቅጠላቸው መሬቱን ያዳብራል፤ ንቦችም በአበባው ላይ ሲመላለሱ ፍሬው ይበረክታል። ዛፍ ያለበት የቡና ማሳና በወንዝ ዳር የተተወ የዛፍ መስመር ከሆነ፣ ተራርቆ የቀረውን ደን እንደ ድልድይ ያገናኛል፤ ጉሬዛው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል፣ ወፎችም የዛፍ ዘር ይዘው ያልፋሉ። ድልድዩ ከተቆረጠ ግን እያንዳንዱ ደን ብቻውን እንደ ቀረ ደሴት ይመነምናል።

ይሁን እንጂ በጥላ ሥር የበቀለ ቡና ሁሉ ደኑን ጠብቋል ማለት አይደለም። ምርት ለማብዛት ሲባል የዛፍ ችግኝ በየዓመቱ ከአረም ጋር ከተመነጠረ፣ ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው በወደቁ ጊዜ የሚተካቸው አይኖርም። ገበሬውም ችግኙን እንዲያሳድግ ብንመክረው፣ ዋጋው ከሌላው ቡና ካልተለየ ምክራችንን ስለ ምን ይሰማል?

ስለዚህ ከላኪዎች ሁለት ነገር ይጠበቃል፦ የደን ቡናን ከሌላው ሳይደባለቁ ለብቻው ማከማቸትና ከእያንዳንዱ ገበሬ የተገዛውን ከነስፍራው መመዝገብ፤ ቀጥሎም ከዚህ የተገኘውን የዋጋ ብልጫ ለገበሬው ማካፈል። ባለሱቆችም ድርሻ አላቸው። የደን ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ዛፉ ሳይቆረጥ የሚገኙ ሸቀጦች ናቸው፤ እነርሱን በተገቢ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ለደኑ ጠባቂ ደመወዝ እንደ ከፈለ ይቆጠራል።

በእኛ መሥሪያ ቤት ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ አዲስ መዝገብ ተከፍቷል፤ በመጀመሪያው ዓምድ የሚጻፈውም ቡናው የበቀለበት ቀበሌ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ቢሆንም አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።