በዋልካ መሬት የአትክልት መደብ ስለ ማዘጋጀት

የሰበካ ጉባኤያት በደብሩ ይዞታ የጓሮ አትክልት ለማልማት ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚፈትናቸው ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይጠነክራል፤ ሲርስ ደግሞ አብጦ ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ምእመናንን ለቁፋሮ የምንጠራበትን ዕለት የአፈሩ ርጥበት ሊወስነው ይገባል። በርጥቡ የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ ጓል ይሆናል፤ የሕዝቡም ድካም ከንቱ ይቀራል።

መለያው ቀላል ነው። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት እፍኝ አፈር ወስደን እንጨብጥ። ከእጅ ከተጣበቀ እንጠብቅ፤ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ውኃ አጠጥተን ጥቂት ቀናት እንታገሥ፤ ተጨብጦ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ጊዜው ደርሷል።

ያን ጊዜ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በዶማ ቆፍረን በሚገባ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት እናዋሕድበት። መደቡ ከመተላለፊያው ከፍ ይበል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች በዋልካ ማሳቸው አፈሩን በእጅ እያፈሱ መደብና ቦይ የሚያወጡት ውኃ ተኝቶ ሰብሉን እንዳይጎዳው ነው። ስፋቱም ከ1 ሜትር እምብዛም አይለፍ፤ ከዳርና ከዳር ቆመን ስንሠራ መደቡን መርገጥ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤው የሥራውን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሲያስታውቅ፣ አፈሩ ካልደረሰ ቀኑ እንደሚዛወር አብሮ ይንገር።